የጎረቤት ቁልፍ

ፔናንግ በምትባለው ደሴት ላይ፣ ከወደቡ ወደ ላይ በቆሙት አሮጌ ፎቆች ባንዱ፣ ቴቫናይ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። የቤቷ በር ጀርባ አንድ ረድፍ ሚስማር አለ። ኢድ ሲቃረብ የፎቁ ሙስሊሞች ቤታቸውን እየቆለፉ ወደየትውልድ መንደራቸው ይጎርፋሉ፤ ቁልፋቸውንም እዚያ ሚስማር ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። እሷ ድመት ታበላላቸዋለች፣ ተክል ታጠጣላቸዋለች፣ ሰው የሚያመጣላቸውን የኢድ ስጦታ ተቀብላ ቤታቸው ታስገባላቸዋለች። የእሷ በዓል፣ ዲፓቫሊ፣ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና የሂንዱዎቹ ቁልፍ እነሱ ጋ ያድራል። ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያልፈረመበት ሕግ ነው። ቁልፎቹን የምትለየው በክር ነው፤ ከኮሪደሩ ወዲያ የሚኖረው የጎረቤቷ የመምህር ሩስላን ቁልፍ አረንጓዴ ክር አለው።

ክር አይጠፋባትም፤ አበባ ሠሪ ናት። ጠዋት ጠዋት ቤተ መቅደሱ በር ላይ ተቀምጣ ጃስሚኑን በሙዝ ቃጫ እየቋጠረች የአንገት ጉንጉን ትሠራለች፤ ለሙሽራም፣ ለአማልክቱም፣ ለሬሳም። ሁሉም አካ ይሏታል፣ ታላቅ እህት ማለታቸው ነው። ምላሷ ግን፣ እናንተዬ፣ ምላሷ! ዲናካራን የሚባል አንድ ልጅ ነበራት፤ ሄሮይን በላው። ታች ደረጃው ሥር፣ የውሃ ቆጣሪዎቹ አጠገብ ኩርምት ብሎ ነው ያገኙት፤ መርፌው ገና ክንዱ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ ውስጥ የተለጠፈውን የገመድ ሸምቀቆ ሥዕልና «ዕፅ ያዘዋወረ ይሞታል» የሚለውን ጽሑፍ ባየች ቁጥር አብሯት ለተሳፈረ ሁሉ ትናገራለች።

«ይስቀሉልኝ እንጂ ገመዱን እኔ በነዚህ ጣቶቼ እገምድላቸዋለሁ። በነፃ።»

አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ልክ ነሽ ይላታል። መምህር ሩስላን ብቻ አንድ ቀን፣ አካ፣ የሚሰቀሉት እኮ ተሸካሚዎቹ ናቸው፣ ባለቤቶቹን ማን አይቷቸው ያውቃል፣ ቢላት ፊቷን አጥቁራ፣ መምህር፣ የልጅዎን ሬሳ ይሸከሙና ያኔ እናወራለን አለችው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳባትም። ምን ይበላት?

ኢላንጎ ከእሷ በላይ ካለው ደርብ ነው። የጓደኛዋ የኮኪላ ልጅ፣ ከዲናካራን ጋር አብሮ ያደገ። በሞተር ብስክሌት የጋዝ ሲሊንደር ያዳርሳል፤ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ሲሊንደሯንና የአበባ ቅርጫቷን ተሸክሞ የሚያወጣላት እሱ ነው። ዲናካራን የሞተ ጊዜ ገላዋን ያጠበቻት፣ በግድ ያጎረሰቻት ኮኪላ ናት፤ የሬሳውን ቃሬዛ ፊት ፊቱን የያዘው ደግሞ ኢላንጎ። ስለዚህ በኢድ ዋዜማ ሦስት የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፎ በሯን ሲያንኳኳ በምን ትጠርጥረው? ለመምህሩ ቤተሰብ የገዛሁት ነው፣ ሳልደርስባቸው ሄዱ፣ እስኪመለሱ ቤታቸው አስቀምጪልኝ አላት። እሰይ የኔ ልጅ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው አለችው። ቆርቆሮዎቹን ደረቷ ላይ ደርድራ ኮሪደሩን ስታቋርጥ ላገኘችው ሁሉ፣ ኢላንጎ ለመምህሩ ያደረገውን እዩልኝ፣ የዛሬ ልጅ ሁሉ እንዲህ በሆነ፣ እያለች ነበር። የፎቁ ግማሽ ሰው አይቷታል።

በኢድ ማግስት ጠዋት ድመቷን ልታበላ ገባች። እዚያ ፎቅ ላይ ጣፋጭ ነገር ያለ ጉንዳን አያድርም። የመምህሩ ሚስት ራሷ የጋገረችውን ብስኩት ውሃ የሞላበት ሳህን መሐል አስቀምጣው ነው የሄደችው፤ እንዲያም ሆኖ ጫፉ ግድግዳ ነክቶ ነበርና ጉንዳኑ በዚያ ዞሮ ደርሶበታል። የኢላንጎ ቆርቆሮዎች ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አንድ ጉንዳን የለም።

መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት ሳይሆን እፍረት ነው። ጉንዳን የናቀው ብስኩት ምን ዓይነት ብስኩት ነው? ልጁ ያረጀ ነገር ገዝቶ ከሆነ ነገ መምህሩ እንግዳ ፊት ሲከፍተው የሚዋረደው ኢላንጎ ብቻ አይደለም፤ የእሷን ወገኖች በጅምላ፣ ታሚሎቹ በኢድ ሻጋታ አበሉን ይሏቸዋል። ልየውና ካልሆነ ከራሴ እተካለታለሁ ብላ በማንኪያ እጀታ ክዳኑን ፈነቀለችው። ላይ ላዩ ብስኩት ነው። ብስኩቱ የተነጠፈበትን ወረቀት ስታነሳ ግን ከሥሩ በቡናማ ፕላስተር የታሸጉ ጥቅሎች ጥብቅ ብለው ተደርድረዋል። አንደኛው ጥጉ ተቀዷል። ያንን ዱቄት ታውቀዋለች። ከዲናካራን ትራስ ውስጥ አውጥታው ታውቃለች።

ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ድመቷ መጥታ ትታከካታለች። ሕጉን የማያውቅ የለም፤ ትምህርት ቤት ይነገራል፣ በሬዲዮ ይነገራል። ዕፅ የተገኘበት ቤት ቁልፍ በማን እጅ ነው? ዕፁም የእሱ ነው ይላል ሕጉ፤ አላውቅም የሚል አለማወቁን ራሱ ያስረዳ። የዕፁ ክብደት ልክ አለው፤ ከልኩ ካለፈ ዳኛው ሌላ ፍርድ የለውም፣ አንገት ነው። ልኩ ደግሞ እፍኝ አይሞላም፤ እዚህ ሦስት ቆርቆሮ አለ። ቁልፉ የእሷ ነው። ያስገባችው እሷ ናት። የጣቷ አሻራ ክዳኑም ላይ፣ ፕላስተሩም ላይ አለ። ምስክር ደግሞ በየደጁ እያስቆመች ራሷ ሰብስባለች። የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባላል፤ ቴቫናይ ከያዘች በኋላ ነው ጭራ መሆኑን ያየችው። መምህሩም ነገ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ቤቱም ጥፋቱም የእነሱ ነው፤ እነዚያ ምስኪኖች ምን አጠፉ?

ቆርቆሮዎቹን የአበባ ቅርጫቷ ውስጥ ከታ ጃስሚን አለበሰቻቸውና ወደ ቤቷ ተሸከመቻቸው። አልጋ ሥር አስገባቻቸው። አወጣቻቸው። ሩዝ ማስቀመጫው ጀርባ ደበቀቻቸው። ከዚያ በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፋ ወደ ታች ወረደች።

ኢላንጎ ከፎቁ ሥር ሞተሩን እያጠበ ነበር።

«ቆርቆሮዎቹን ከፈትኳቸው» አለችው።

ስፖንጁ ከእጁ ወደቀ። ግራ ቀኙን አየ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አካ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ በእናቴ ይዤሻለሁ አለ። ከዚያ እየተንተባተበ ነገራት። ስሙን እንኳ የማያውቀው ሰው ነው የሰጠው፤ ነገ ረፋድ ላይ ሌላ የማያውቀው ሰው ይወስደዋል። እናቱ ቤቱን በየቀኑ እየገለበጠች የምታጸዳ ሴት ናት፤ እዚያ መደበቅ አይቻልም። የመምህር ቤት ግን ማን ይፈትሻል? ነገ መምህሩ ሳይመጣ አንድ ሰበብ ፈጥሮ ቁልፉን ሊጠይቃት ነበር፣ በቃ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር።

«እኔስ ብያዝ?» አለችው። «ቁልፉ እኔ ጋ አይደል?»

«አንቺን ማን ይጠረጥራል አካ? ገመዱን እገምዳለሁ ስትዪ ፎቁ ሁሉ የሰማሽን ሴትዮ?»

ይሄ ነው ያቃጠላት። ያ ሁሉ ዘመን በልጇ ሐዘን የጮኸችው ጩኸት ለዚህ ልጅ መሸሸጊያ ሆኖለት ኖሯል። እና ያኔ፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ ስንት ዓመት አፍና የያዘችው ጥያቄ ወጣ።

«ለዲና ማን ነበር የሚያመጣለት?»

ልጁ የሞተሩን ጎማ ማየት ጀመረ። አንተ፣ ወደኔ እይ አለችው።

«ራሱ ነበር የሚለምነኝ» አለ በመጨረሻ። «ካላመጣህልኝ እሞታለሁ ይለኛል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል... የመጨረሻውን እኔ ነኝ ያመጣሁለት። እኔ ነኝ አካ።»

ፊቷን አዙራ ወደ አህ ሁዋት ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ አህ ሁዋት ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር አድርጎ ሽንኩርት ይለያል፤ ስልኩ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጎን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ለምናለች! አማልክቱን በአበባ ለምናለች፣ በጾም ለምናለች፤ የልጄን ገዳይ አሳዩኝ ብላ። ይኸው አሳዩዋት። የፖሊሱን ቁጥር ልጅ እንኳ በቃሉ ያውቀዋል። ደወለች። የፎቁን ስም ተናገረች፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነው አለች፣ ዕፅ ነው፣ ብዙ ነው አለች። ከወዲያ ያለው ሰው እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ ይጠይቃል።

«የማን ቤት ነው እማማ?»

«ያስቀመጠው ልጅ...»

«እሱን አይደለም። ቤቱን። ቁልፉ ማን ጋ ነው ያለው?»

ከዚያ በፊት በሐሳቧ ስታሰቅለው የኖረችው ሰው ፊት አልነበረውም፤ አሁን ፊት አወጣ። በልጅነቱ ከእሷ ደረጃ ላይ ወድቆ የተሸረፈ የፊት ጥርስ አለው። የኮኪላ ዓይን አለው። ግን ዕውነቱን እንነጋገር ከተባለ ስልኩን ያስዘጋት ርኅራኄ አይደለም፤ ርኅራኄው ኋላ ነው የመጣው። ያስዘጋት ፍርሃት ነው። የገዛ አንገቷ በላብ ተጠምቆ፣ አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ ልኩን የሚወስደው መሰላት። ስልኩን አስቀመጠች። አህ ሁዋት፣ አካ፣ ሰላም ነው? አላት። ቁጥር ተሳስቼ ነው ብላው ወጣች።

አሁን ይመጣሉ። ፎቁን ነግራለች፣ ሦስተኛውን ደርብ ነግራለች። ሊፍቱን መጠበቅ አልቻለችም፤ ደረጃውን በእጅና በእግሯ ወጣችው። መጸዳጃ ቤቷ ገብታ ጥቅሎቹን በአበባ መቀሷ እየቀደደች መድፋት ጀመረች። አንድ ደፋች፣ ውሃ ለቀቀች። ሁለተኛውን ደፋች፤ ቧንቧው አንጎራጎረና አንድ ጠብታ አንጠባጥቦ ቀጥ አለ። በበዓል ሰሞን ሰው ሁሉ ምግብ ያበስላል፣ እንግዳው ይታጠባል፣ ፓምፑ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ዱቄቱ የመጸዳጃው ነጭ ሳህን ላይ ጭቃ ሆኖ ተለጥፎ ቀረ። ዓይኗ ቤቱን ዞረ። ጥግ ላይ ጃስሚኗን በውሃ የምትነክርበት ትልቅ የሸክላ ጋን አለ። አበባውን በጨርቅ ላይ ዘርግፋ ያንን ውሃ በጣሳ፣ በጣሳ እየቀዳች ታወርደው ጀመር። ግማሹ እግሯ ላይ ይፈስሳል።

በሩ ተንኳኳ።

ቴቫናይ ጣሳውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ደግሞ ተንኳኳ።

«አካ፣ እኔ ነኝ። ምነው ቆለፍሽው?»

ኮኪላ ናት። ከበሩ ወዲያ ሆና ታወራለች፤ ኢላንጎ ከሰሞኑ እህል አልቀምስ ብሏል፣ እንቅልፍም የለው፣ ነገ ለቤተ መቅደሱ ስለት ላገባለት ነው፣ ጥሩ ጉንጉን ሥሪልኝ፣ አደራ። ቴቫናይ ከወዲህ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጣቷ ላይ ያንን ነጭ ነገር እያየች፣ እየታጠብኩ ነው፣ እሠራልሻለሁ፣ ሂጂ እሺ አለቻት። ድምፄን አወቀችብኝ ይሆን እያለች የጓደኛዋ ጫማ ከኮሪደሩ እስኪርቅ ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ የቀረውን ሁሉ ደፋችው። ፕላስተሩን በምድጃዋ አቃጠለችው። ቆርቆሮዎቹን በመጨረሻው የአበባ ውሃ አጥባ ሥራቸውን በጋዜጣ ሞላች፣ ብስኩቱን ከላይ መልሳ ደረደረች፣ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ እንደነበሩ አስቀመጠቻቸው። ፎቁ ሁሉ ያያቸው ቆርቆሮዎች ናቸው፤ ቢጠፉም ጥያቄ ነው።

ፖሊሶቹ የመጡት ከምሳ በኋላ ነው፤ አንድ ሃምሳ አለቃና አንድ ጎረምሳ። ዕፅ የሚደበቀው ሰው በሌለበት ቤት ነው ብለው የተዘጉት ቤቶች ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ቢጠይቁ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ቴቫናይ በር ዘረጋ። ሃምሳ አለቃው፣ እማማ፣ ይክፈቱልን እስቲ አላት። ከፈተች። ቤት ለቤት አብራቸው ዞረች፤ የመምህሩ ጋ ሲደርሱ አረንጓዴው ክር ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ አልፈታ አላት። ሃምሳ አለቃው ቁም ሣጥኑን አየ፣ ፍራሹን ገለበጠ፣ ጠረጴዛው ጋ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ አንድ ብስኩት አነሳ። ነከሰ። ከዚያ ወረቀቱን አነሳ።

ጋዜጣ።

«እንዳይሰባበር ነው» አለች። የገዛ ድምፅዋ ከጎረቤት የመጣ መሰላት።

«ብስኩቱ አበባ አበባ ይላል» አለ እያኘከ። ዓይኑ እሷ ላይ ነው።

«አበባ ሠሪ ነኝ ጌታዬ። የነካሁት ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ሳቀ። ታች ወርደው አህ ሁዋትን ጠየቁት፤ ስልኩ የተደወለው ከእሱ ሱቅ ነው። አህ ሁዋት ያላየው የለም፤ ግን ፖሊስ የሚባል ነገር ሱቁ በር ላይ እንዲቆም አይወድም። የበዓል ልጆች ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያጫውቱት ዋሉ አለ። ሄዱ። ቴቫናይ ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ግን የሚገርመው የእፎይታ ልቅሶ ነው። እሷም ተረፈች፣ የመምህሩ ቤት ተረፈ፣ ያ ውሻ ልጅም ሳይገባው ተረፈ። ዲናን ያመጣልኛል እንዴ መሰቀሉ፣ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ተናገረች። ኮኪላ ልጇን አትጣ። አንዳችን ይበቃል።

ኢላንጎ ፖሊስ መምጣቱን ሰምቶ አመሻሹ ላይ ሹልክ ብሎ መጣ።

«የት አደረግሽው?»

«ደፋሁት። ከእንግዲህ የለም። ከገመድ አወጣሁህ፤ አሁን ሰው ሁን።»

ይስመኛል ብላ ባትጠብቅም ያንን ፊት አልጠበቀችም። ልጁ በሩን ተደግፎ ተንሸራቶ ቁጭ አለ።

«አካ፣ ምን አደረግሽኝ?» አለ። «የእነሱ ነው እኮ። ደፋሁት ብዬ ለማን ልንገር? ለእነሱ?»

እሷ ስለ ገመዱ ብቻ ነበር ያሰበችው። የገመዱ ባለቤት መንግሥት ብቻ ይመስላት ነበር። ሽሽ አለችው፤ ወደ ደቡብ ሽሽ፣ ዘመድ አለኝ፣ እልክሃለሁ። እናቴ እዚህ አለች አላት፤ ቤቷን ያውቃሉ። ያን ማታ ወጣ፣ በማግስቱም አልመጣም። ኮኪላ የስለቷን አበባ ከቴቫናይ እጅ ተቀብላ ለአማልክቱ አገባች። ልጁ ቆይቶ ተመለሰ፤ ከስቷል፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ዓይኗን ግን አያያትም። ከዝናቡ በፊት አንድ ሥራ አለብኝ፣ እሱን ብቻ ልጨርስ፣ አላት አንድ ጊዜ ሊፍቱ ውስጥ፣ ሸምቀቆው ሥዕል ሥር ቆመው። ምን ሥራ እንደሆነ ገባት። አትሂድ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ሊፍቱ ቆመ፣ ሰው ገባ፣ ዘጋችው።

ድንበሩ ላይ ያዙት። በመኪና ጎማ ውስጥ፣ የእነዚያ ሦስት ቆርቆሮ ስንት እጥፍ። ለደፋችው ካሳ እንዲሸከም የተጫነበት ነው።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ። ኢላንጎ ወጣት መሆኑን፣ ተሸካሚ ብቻ መሆኑን፣ ባለቤቱ እንዳልተገኘ ሁሉን በትዕግሥት ሰማና ሕጉ ግን አንድ ፍርድ ብቻ ነው የሰጠኝ አለ። ኮኪላ ችሎቱ ውስጥ ወደቀች። በፎቁም ወሬው ሲወራ ከረመ። ከእንግዲህ አካን ያየ ሰው፣ ይኸው እንዳልሽው አገኛት፣ እያለ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋታል፤ አህ ሁዋት እንኳ አንድ ቀን ሽንኩርት እየመዘነላት፣ ገመዱን መገመድ ቀረብሽ እንጂ፣ ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ነው። ቴቫናይ ሽንኩርቱን ሚዛኑ ላይ ትታ ሄደች። ሊፍት መሳፈርም ያን ቀን ተወች፤ በዚያ ጉልበቷ ደረጃ ለደረጃ።

ይግባኙ ዓመታት ወሰደ። ኮኪላ በየወሩ በጀልባ ተሻግራ፣ አውቶቡስ ይዛ ልጇን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ በሄደች ቁጥር የቤቷን ቁልፍ ቴቫናይ ጋ ትተዋለች። ቢጫ ክር አስራበታለች ቴቫናይ። ኮኪላ ስትመለስ ደግሞ ሁለቱ ተቀምጠው፣ ምን በላ፣ ምን ለበሰ፣ ጥርሱን አመመው፣ ይባባላሉ። ቴቫናይ ስንት ጊዜ ልንገራት ብላ ተነሳች። ልጅሽ ከኔ የተነሣ ነው ያንን ጭነት የተሸከመው፤ ዝም ብዬ ቁልፉን ብሰጠው ኖሮ ያ ሰው መጥቶ ይወስደው ነበር፤ ወይ ያን ቀን በስልኩ እውነቱን ብናገር... በዚያም ቢሆን ገመድ ነው። በየት ብትዞር ገመዱ እጇ ላይ ነው። ፈራች። ከፖሊሱ የባሰ የኮኪላን ፊት ፈራች፤ ሳትነግራት ኖረች።

በአንድ ሐሙስ ጠዋት ኮኪላ በሩ ላይ ቆመች፤ ነጭ ሳሪ ለብሳለች፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛለች። ወህኒ ቤቱ ልኮባታል። ዛሬ ታየዋለች፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ይሰቅሉታል፤ ሬሳውን ይዛ ትመለሳለች። እንባ አልነበራትም፤ ያለቀ ነገር ነው። ቁልፉን ዘረጋችላት።

«ባለፈው ስሄድ መልእክት ልኮልሽ ነበር፤ ሳልነግርሽ ቀረሁ» አለች። «አበባዬን አካ ትሥራልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው አለኝ። ደግሞ፣ ያን ቀን ልታድነኝ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ በያት አለኝ። የትኛው ቀን ነው አካ?»

ቴቫናይ ቁልፉን ተቀብላለች። ስትመለሺ እነግርሻለሁ ማለት ይቻላል። አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ልጁ ነገ ይሞታል፣ ከእንግዲህ ማን ይጠይቃል? ግቢ አለቻት። ቆመው፣ ከበሩ ወዲህ፣ ሁሉንም ነገረቻት። ጉንዳኑን፣ ቆርቆሮዎቹን፣ ስልኩን፣ የአበባውን ውሃ፣ አንቺ ስታንኳኪ እየደፋሁት ነበር አለቻት። ጎማው ውስጥ የተጫነበት ለእሱ ካሳ እንደነበረ ነገረቻት። አንድ ነገር ብቻ አስቀረች። ለዲናካራን የመጨረሻውን ማን እንዳመጣለት አልነገረቻትም፤ እሱስ ከእኔ ሬሳ ጋር ይቃጠል ብላ ዋጠችው።

ኮኪላ ሁሉንም ሰማች። እጇን ዘረጋችና ቢጫ ክር ያለውን ቁልፍ ከቴቫናይ መዳፍ ላይ አነሳች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አበባውን ሥሪው» አለች። «እሱ ነው የፈለገው።»

ወጣች። ቴቫናይ ጫማዋን እየሰማች ቆየች፤ ኮኪላ ተመልሳ ወጥታ የቤቷን በር ስትቆልፍ፣ መቆለፉንም ስትሞክር ከላይኛው ደርብ ተሰማ። ከዚያ ጋኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ቃጫውን በውሃ አራሰችና ጃስሚኑን አንድ በአንድ መቋጠር ጀመረች። ጣቶቿ ቋጠሮውን ያውቁታል፤ ሳታይ ትሠራዋለች። በሩ ጀርባ ባለቢጫ ክሩ ቁልፍ ይንጠለጠልበት የነበረው ሚስማር ባዶ ነበር።